ሳይደርቅ የጫንኩት ግድግዳ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ሰቆጣ ባለው መሥሪያ ቤታችን ትንሽ ዝግጅት ተደርጎልኝ ነበር። ጋቢ አለበሱኝ፤ በመስተዋት የተገጠመ የምስጋና ወረቀት ሰጡኝ። ንግግር ያደረገው ልጅ ከተቀጠረ ሦስት ዓመት አይሞላውም፤ ስለ እኔ የሚያውቀው ከሌላ የሰማውን ነው። «እትዬ ጥሩነሽ በተቆጣጠሩት ሥራ፣ በእርሳቸው ጥፋት የወደቀ አንድም ግድግዳ የለም» አለ። ተጨበጨበ። ተነሥቼ እጅ ነሣሁ፤ ወረቀቱን በሁለት እጄ ተቀብዬ ተቀመጥኩ።

ልጁ አልዋሸም። ውሸቱን ከብዙ ዓመት በፊት የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እሱ የደገመው የእኔን ቃል ነው። ቤቴ ገብቼ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ መስቀል አቃተኝ። ይህን የምጽፈው በዚያ ምክንያት ነው።

ሥራ የጀመርኩት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ለኮሌጅ የሚያበቃ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ ነው። የዘጠኝ ወር የግንባታ ሥልጠና ወስጄ በግንባታ ተቆጣጣሪነት ተቀጠርኩ። ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም ለእናቴና ለእኔ ይበቃን ነበር። ያን ጊዜ ለገጠሩ ቀበሌ ብረትና ሲሚንቶ የሚያደርስ መንገድ አልነበረም፤ ስለዚህ የምንሠራው ቦታው በሰጠን ነበር። ድንጋይ፣ አፈር፣ ጭድ፣ እንጨት፣ እበት።

መጀመሪያ የተመደብኩት አበርገሌ ነው። እዚያ ከሙቀቱ ይልቅ ያስቸገረኝ ምስጥ ነበር። ከላይ ደህና የሚመስለውን የጣሪያ ወራጅ እንጨት በጣት ሲጫኑት እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። ቤት የሚሠራበት ቦታ ላይ ኩይሳ ካለ፣ ኩይሳውን ማፍረስ ብቻ እንደማይበቃ፣ ከሥሩ ቆፍሮ ዋናዋን ምስጥ ማውጣት እንደሚያስፈልግ ያሳዩኝ የአካባቢው ሴቶች ናቸው። በሥልጠና ያልተማርኩት ነገር ነው። አለቃዬ ከመኪና የማይወርድ ሰው ነበር። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ቆሟል?» ይላል፤ «ቆሟል» ስለው ይሄዳል። ሁለት ዓመት እንዲህ ሠራሁ።

ከዚያ ወደ ደሃና ተዛወርኩ። አያ ኪሮስን ያወቅኋቸው እዚያ ነው።

አያ ኪሮስ በዚያ አካባቢ በጭቃ ግድግዳ ስማቸው የተጠራ ግንበኛ ነበሩ። ኽምጣንጋ አፋቸውን የፈቱበት ነው፤ አማርኛውንም አሳምረው ይናገራሉ፣ ማንበብና መጻፍ ግን አይችሉም። መጀመሪያ ስንገናኝ ጭቃ በሚረገጥበት ጉድጓድ ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ገብተው ነበር።

«አንቺ ነሽ ተቆጣጣሪዋ?» አሉኝ።

«አዎ፣ አያ።»

«እንግዲያው ጫማሽን አውልቂና ውረጂ። ይኼ ዳር ቆመው የሚቆጣጠሩት ነገር አይደለም።»

ሠራተኞቹ ሳቁ። እኔም አፍሬ አወለቅሁና ወረድኩ። ከዚያን ቀን በኋላ ስለ አፈር የማውቀውን ሁሉ ያገኘሁት ከእሳቸው ነው።

አፈር ሲመርጡ አንድ ጭብጥ አፈር በውኃ ያርሱና እንደ ገመድ አድቦልቡለው በጣታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል። ወዲያው ከተበጠሰ አሸዋ በዝቶበታል፤ እያብረቀረቀ ረዝሞ ከተንጠለጠለ ደግሞ ሙጫ ነው፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በመካከል ያለውን እስኪያገኙ ድረስ ከወንዝ ዳር አፈር ጋር ያደባልቃሉ። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ሁለት ሳምንት ይቦካል፤ ጭዱ ልሞ ሽታው እስኪለወጥ ድረስ ማንም አይነካውም። ከዚያ በድንጋዩ መሠረት ላይ አንድ ክንድ ያህል ይደረደራል። ፀሐይ ቶሎ እንዳያደርቀው ቅጠል ይለብሳል። ሦስት ቀን ያድራል። ከዚያ ሌላ አንድ ክንድ።

ግድግዳው መድረቁን የሚያውቁት በእጃቸው ጀርባ ነበር። ጠዋት፣ ፀሐይ ግድግዳውን ሳትነካው ይመጡና የእጃቸውን ጀርባ ያስጠጋሉ።

«ለምን በመዳፍዎ አይነኩትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«መዳፌ ወፍሯል። ድንጋይ ሲይዝ ኖሮ ምን ይሰማል? የእጅ ጀርባ ግን ሥራ አይሠራም፤ እንደ ሕፃን ነው። ቅዝቃዜ ከተሰማው ውስጡ ገና ውኃ አለ።»

በሜትሬ ይቀልዱ ነበር። «ያቺ ቢጫ እባብሽ ምን አለችሽ?» ይሉኛል።

«ይኼኛው ማዕዘን ወደ ውጭ ወጥቷል ትላለች፣ አያ።»

አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዩታል። «አንድ ጣት። እውነቷን ነው። ጥሪያትና ታግዘን እንግዲህ።»

ሌላ ልማድ ነበራቸው። የመጀመሪያው ክረምት ሲገባ፣ በዚያ ዓመት የሠሩትን ቤት ሁሉ ሳይጠሩ እየዞሩ ያያሉ። ሰላምታ ሳያስቀድሙ ግድግዳውን በእጃቸው ጀርባ እየዳሰሱ ቤቱን ይዞሩታል፤ ከዚያ በኋላ ነው «እንደምን አላችሁ» የሚሉት። ሴቶቹ «አያ ኪሮስ የሚስሙት ግድግዳውን ነው፤ እኛ እንተርፋለን» እያሉ ያሟቸው ነበር። ሰው ግን ይወዳቸው ነበር። አያ ኪሮስ የሠሩት ነው ከተባለ፣ ልጁን የሚድር ሰው ስለ ቤቱ ሌላ ጥያቄ አይጠይቅም።

ሦስተኛው ዓመት ላይ ለግብርና ልማት ሠራተኞች መኖሪያ እንድንሠራ ታዘዝን። ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት አጠገብ፣ ከመንደሩ ግማሽ ሰዓት የሚያስኬድ ቦታ ላይ ነው። ጣሪያው እንደ ህድሞ ነበር፤ በወራጆቹ ላይ ፍልጥ፣ በፍልጡ ላይ ቅጠል፣ በቅጠሉ ላይ ወፍራም አፈር የሚደለደልበት ጠፍጣፋ ጣሪያ። እንዲህ ያለው ጣሪያ በጣም ከባድ ነው፤ የሚሸከመው ግድግዳ እስከ ውስጡ መድረቅ አለበት። የቀን ሠራተኞቹ ከሌላ ቀበሌ የመጡ ነበሩ።

በጀት የሚዘጋው ሰኔ ሠላሳ ነው። ኃላፊያችን ሰቆጣ አስጠርቶ «ጣሪያ ያልወጣለት ቤት ተሠራ አይባልም። ርክክቡ ሰኞ ነው» አለኝ። ግድግዳው ያለቀው ያን ሳምንት ነበር፤ ቀኑም ደመናማ ነበር። ይህን ልነግረው ስችል አልነገርኩትም። በአካባቢው ሌላ ሴት ተቆጣጣሪ አልነበረችም፤ ሴት ስለሆነች ዘገየ እንዳይባል ፈራሁ። ምክንያቴ ይህ ነው፤ ምክንያት ስለሆነ ግን ጥፋቱን አያቀለውም።

ስመለስ አያ ኪሮስ ለወንድማቸው ተዝካር ራቅ ወዳለ መንደር ሊሄዱ ተነሥተው አገኘኋቸው። «እስከምመጣ አፈር እንዳይወጣ» አሉኝ። «ወራጁን ደርድሩ፣ ፍልጡን ደርድሩ። አፈሩን ግን ተዉት። ግድግዳው ገና ቀዝቃዛ ነው።»

«እሺ፣ አያ» አልኳቸው።

በነጋታው አፈሩ እንዲወጣ አዘዝኩ። ከሠራተኞቹ አንዱ፣ በዕድሜ ከፍ ያለው፣ አካፋውን መሬት ላይ ተክሎ «አያ ኪሮስ ይምጡ እንጂ» አለኝ።

«እሳቸው ግንበኛ ናቸው» አልኩት። «ተቆጣጣሪዋ እኔ ነኝ።»

በሁለት ቀን ጭነን ጨረስን። አያ ኪሮስ ሲመለሱ ከሩቅ ቆመው ጣሪያውን አዩት። ቀርበው የእጃቸውን ጀርባ ግድግዳው ላይ ብዙ ጊዜ አቆዩት።

«ማን ጫነ?»

«እኔ ነኝ።»

«በይ ሠራተኞቹ ሳይሄዱ ግማሹን እናውርድ። ሲደርቅ እንመልሰዋለን።»

«ርክክቡ ሰኞ ነው፣ አያ።»

አልተቆጡም። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው መልሰው ለበሱና ሄዱ። ሰኞ ዕለት ቤቱን አስረከብኩ። ኃላፊዬ በሰው ፊት አመሰገነኝ።

ወደ ቤቱ የገባችው ትዕግሥት የምትባል ከጎጃም መጥታ የተመደበች የግብርና ሠራተኛ ነበረች። ሐምሌ አጋማሽ ላይ አያ ኪሮስ እንደ ልማዳቸው ሊያዩት መጡ፤ እኔም ለሌላ ሥራ እዚያው ነበርኩ። ግድግዳውን ዞረው ሲጨርሱ ወደ እኔ መጡ።

«በምሥራቅ በኩል ሆዱን ነፍቷል» አሉኝ። «ልጅቷን ለጊዜው ሌላ ቤት አስገቢያት። ጣሪያውን ላቅልለው።»

ሄጄ አየሁት። እውነት ነው፤ በዓይን ይታያል። ነገር ግን ቤቱን አስረክቤያለሁ፤ ሰው ከውስጡ ካስወጣሁ ለምን ተብዬ እጠየቃለሁ። «ሰሞኑን አመለክታለሁ» አልኳቸው። አላመለከትኩም።

በሳምንቱ ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጣለ። የምሥራቁ ግድግዳ ከመካከሉ ተነፍቶ ተናደ፣ ጣሪያውም ተከተለው። ትዕግሥት ጠረጴዛ ላይ ሪፖርት ትጽፍ ነበር። ገበሬዎቹ አፈሩን በእጃቸው ዝቀው አወጧት። አያ ኪሮስ ከሁሉም ቀድመው የደረሱ ናቸው። እግሯ ከጭኗ ላይ ተሰብሮ ነበር፤ በቃሬዛ ተሸክመው እስከ መኪና መንገድ አደረሷት። ሕይወቷ ተረፈ። ከዚያ በኋላ ግን እያነከሰች እንደምትሄድ ሰምቻለሁ፤ ወደ አገሯም ተዛወረች።

ሦስት ሰዎች ያሉበት አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። የእጅ ጽሑፌ ጥሩ ስለሆነ ጸሐፊ ተደረግሁ። ሌሎቹ ሁለቱ ስለ ግንባታ አያውቁም፤ «አንቺ የምታውቂውን ጻፊ» አሉኝ። የቀን ሠራተኞቹ ለእርሻ ወደ ቀበሌያቸው ተመልሰው ነበር። የምስክሮችን ስም የማወጣው እኔ ነበርኩ፤ የእነሱን አላወጣሁም። ግንበኛው ወደ ተዝካር ለመሄድ ተቻኩሎ፣ ግድግዳው ሳይደርቅና ተቆጣጣሪዋ ሳታውቅ ጣሪያውን እንደጫነ ጻፍኩ። በሐምሌ መጥተው ስላስጠነቀቁኝ አንድም ቃል አልጻፍኩም።

ግንበኛው ሪፖርቱ ተነቦለት በጣቱ እንዲፈርም ደንቡ ያዛል። አያ ኪሮስ መጡ። አነበብኩላቸው። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቤቱ ስፋት፣ ስለ ልጅቷ ጉዳት አነበብኩ፤ በእሳቸው ላይ የጻፍኩትን አንቀጽ ዘለልኩት። «ይኼው ነው?» አሉኝ። «ይኼው ነው፣ አያ» አልኳቸው። ቀለሙን አቀረብኩላቸው፤ ፈረሙ። ወጥተው ሲሄዱ «አንቺም አይዞሽ፤ ልጅቷ ተርፋለች» አሉኝ።

ውሳኔው በቀበሌ ስብሰባ ተነበበ። ከእንግዲህ በመንግሥት ሥራ እንዳይሳተፉ ተባለ። አያ ኪሮስ ከኋላ ተቀምጠው ነበር፤ ተነሡ።

«ይህን እኔ ፈርሜያለሁ?»

«ጣትዎ ያውና» አለ ሊቀ መንበሩ፣ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ።

«አፈሩ ሲጫን እኔ ተዝካር ላይ ነበርኩ።»

«ከመሄድዎ በፊት ነው የሚለው። ተቆጣጣሪዋ እዚህ አለች፤ ትናገር።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እሳቸውም አዩኝ። የልመናም የቁጣም አልነበረም፤ መልሱን የሚጠብቅ ሰው አስተያየት ነው።

«እንደተጻፈው ነው» አልኩ።

አያ ኪሮስ ቁጭ አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በየጊዜው ሰምቻለሁ፤ አንዳንዱንም በዓይኔ አይቻለሁ። ማንም ቤት እንዲሠሩለት አልጠራቸውም። ክረምት ሲገባም ግድግዳ ለማየት መዞሩን ተዉ። አንድ ቀን ገበያ ውስጥ የቆዩ ወራጆች ተደርድረው ሲሸጡ አይቼ የማን እንደሆኑ ጠየቅሁ። ዘነቡ የሚባሉ ሴት የአያ ኪሮስ ሥራ የሆነውን ቤታቸውን አስፈርሰው እንደሆነ ነገሩኝ። «ልጆቼ ላይ ከሚወድቅ» ብለው ነው አሉኝ። ያን ቤት አውቀዋለሁ። ሲሠራ ጭቃውን አብሬ ረግጫለሁ፤ ሦስት ክረምት አልፎበት አንድ ስንጥቅ አልነበረውም። ከወራጆቹ አጠገብ ቆሜ ምንም ሳልናገር ሄድኩ። በዚያው ዓመት ዝውውር ጠየቅሁና ፃግብጂ ተመደብኩ።

ፃግብጂ ብዙ ዓመት ሠራሁ፤ ትምህርት ቤትም፣ ጤና ኬላም አሠርቻለሁ። ግድግዳዎቹ ቆመዋል፤ በእጄ ጀርባ ሳልነካ ጣሪያ አስጭኜ አላውቅም። ሰዎች «ከየት ተማርሽው?» ሲሉኝ «ከሥራ» እላቸው ነበር። ስማቸውን አልጠራሁም። በኋላ ቆርቆሮና ሲሚንቶ በየቦታው ደረሰ፤ እኔም ወደ ሰቆጣ ቢሮ ገብቼ ወረቀት ማየት ሆነ ሥራዬ።

በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ የቢሮው መዛግብት ጠፉ። ስንመለስ መደርደሪያዎቹ ባዶ ነበሩ። ባልደረቦቼ የሠራተኛው ማኅደር፣ የፕላኑ ወረቀት እያሉ ያዝኑ ነበር። እኔ በመጀመሪያ ያሰብኩት ያችን ሪፖርት ነው፤ ጠፋች ብዬ ደስ አለኝ። ከሠራሁት ሁሉ ለመናገር ይበልጥ የሚከብደኝ ይህ ይመስለኛል። ሪፖርቷ ብትኖር ኖሮ፣ ጡረታ ስወጣ አስተካክዬ መጻፍ እችል ነበር። አሁን የቀረችው በሰው አፍ ብቻ ነው።

ከዝግጅቱ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ወደ ደሃና ሄድኩ። አያ ኪሮስ በሕይወት አሉ፤ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ አወቁኝ።

«ተቆጣጣሪዋ ነሽ» አሉ።

እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው አስቀመጡኝ። የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ያን አንቀጽ እንዴት እንደዘለልኩት፣ ምስክሮቹን እንዴት እንዳስቀረሁ፣ አንዱንም ሳላስቀር ተናገርኩ። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«ይህን ለእኔ ለምን ትነግሪኛለሽ?» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ነበርኩበት።»

«ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው፣ አያ።»

«ያልሰሙት እነሱ ናቸው። እሑድ ሰንበቴ አለ። እዚያ ንገሪያቸው።»

ልጃቸው ከደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። «እስከ እሑድ የት ልታድር ነው?» ብላ በኽምጣንጋ ሳይሆን በአማርኛ፣ እኔ እንድሰማው፣ ጠየቀቻቸው። «እዚሁ» አሏት። ሦስት ቀን እዚያ ቤት አደርኩ። ልጃቸው እንጀራ ታቀርብልኛለች፤ አታናግረኝም። አልፈረድኩባትም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ግቢ ተሰበሰበ። ዳቦው ተባርኮ ከተቆረሰ በኋላ ሙሴው፣ ማለት የሰንበቴው ኃላፊ፣ እንድናገር ፈቀደልኝ። ቆሜ በአጭሩ ተናገርኩ። ጣሪያውን ያስጫንኩት እኔ እንደሆንኩ፣ አያ ኪሮስ እንዳይጫን ከልክለውኝ እንደሄዱ፣ በክረምቱም መጥተው ልጅቷን አስወጪ እንዳሉኝ፣ እኔ ግን በሐሰት ጽፌ እንዳስፈረምኳቸው። ከወጣቶቹ ብዙዎቹ ነገሩን ከእነጭራሹ አያውቁትም፤ የሚያውቁት አያ ኪሮስ ቤት ጥለው ሰው እንዳስጎዱ ብቻ ነው። አንድ ሽማግሌ «አንቺ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ዓመት በላሽበት» አሉኝ። «አዎ፣ አባቴ» አልኳቸው።

ከሴቶቹ በኩል አንዲት አሮጊት ተነሡ። ዘነቡ ነበሩ። ያረጁ ቢሆኑም አወቅኋቸው።

«እኛ ያፈረስነው ቤትስ?» አሉኝ። «እሱ ምን ነበረበት?»

«ምንም አልነበረበትም።»

«ምንም?»

«ምንም፣ እናቴ። እኔም አውቅ ነበር።»

በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ቆሙ። ከዚያ አያ ኪሮስ፣ ከመጣን ጀምሮ አንድ ቃል ያልተነፈሱት፣ ወደ ሴትየዋ ዞረው በኽምጣንጋ አንድ ነገር አሉ። በዚያ አገር ያን ያህል ዓመት ሠርቼ ከገበያ ቃል አልፌ ቋንቋውን አልተማርኩም። አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው ምን አሉ ብዬ ጠየቅሁት።

«ደህና ቤት ነበር፣ ነው ያሉት» አለኝ።